ብልህነት፣ ሥራና ደመወዝ

(ከአዊ የመጣን ተማሪዎች በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ያሰማነው ንግግር)



እኛ ከእንጅባራና ከዳንግላ የመጣን ተማሪዎች እንድንናገር ዕድል ስለተሰጠን እናመሰግናለን። የመረጥነው ጉዳይ በየቤታችን የሚያጨቃጭቅ ነው፤ ይኸውም «ጭንቅላት ያለው ሰው ሥራም ገንዘብም አያጣም» የሚባለው ምን ያህል እውነት እንደሆነ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ ደደቦች ናቸው ብሎ የሚፈርድ አልጠፋም። ከመካከላችንም አንዱ በታናሽ ወንድሙ ላይ እንደዚሁ ፈርዶ ነበር፤ ዛሬ እዚሁ ተቀምጦ ይሰማናል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ቦይሲየር፣ ናይትና ሳቦት የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ ናይሮቢና ስለ ዳሬሰላም ደመወዝተኞች ያደረጉትን ምርመራ አሳትመዋል። የማሰብን ችሎታ ለብቻ፣ ማንበብንና ማስላትን ደግሞ ለብቻ ፈትነው ለኩ። ደመወዝን በብዙ ከፍ የሚያደርገው በትምህርት የተገኘው የማንበብና የማስላት ችሎታ ሆኖ ተገኘ፤ ብልህነት ብቻውን በቀጥታ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ስትሬንዝ የተባለው የኢስቶኒያ ሰውም እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመዝን በብልህነትና በኋላ በሚገኘው ገቢ መካከል ያለው ዝምድና 0.23 ያህል ሆነ። ይህም በሰዎች መካከል ካለው የገቢ ልዩነት ከ20 አንድ እጅ የሚያህለውን ብቻ የሚያስረዳ ነው። የቀረውን የት እንፈልገው?

ወደ ፋግታ ለኮማ እንሂድ። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። መቼ ተክሎ መቼ እንደሚቆርጥ፣ ስንት ጆንያ እንደሚወጣው ማወቅ እኮ ሒሳብ ነው! ነገር ግን ፈተና አውጥቶ ውጤት የሰጠው የለም። ያ የተፈረደበት ታናሽ ወንድም በዚሁ ሥራ ገብቶ የእናቱን ቤት ቆርቆሮ አለበሰ። ዲግሪ የያዘች ታላቅ እኅቱ ግን በዚያው ዘመን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አልጠፋችም ነበር።

ታዲያ መማር ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዋግ በሽታ ገብቶ ዲከረንሱን አደረቀው። ያን ጊዜ በልምድ የተገኘው ሒሳብ አልበቃም፤ በሽታውን የሚለይ፣ በምትኩ ምን እንደሚተከል አንብቦ የሚመክር ሰው ተፈለገ። እኅቲቱ የተማረችው የዕፀዋት ሳይንስ ነበር። ዕውቀቷን የሚፈልገው ማሳ ከቤቷ በር ላይ ሳለ፣ የሚቀጥራት መሥሪያ ቤት ግን በጀት የለኝም አላት። እንግዲህ ጎደለ የሚባለው የማን ጭንቅላት ነው?

ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየወረዳችን ስንገባ፣ ፈተናውን ላላለፉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማንበብና ሒሳብ በነፃ እናስተምር ብለን እንጠይቃለን። እነርሱም ስለ ማሳው ያስተምሩናል። ፈቃደኞች ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እስከ ዓርብ አስመዝግቡ።