የቤታችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?
(በአባላት ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በኢንተርኔት ስለሚሠሩ የቤት ዕቃዎች ነው፤ ካሜራ ስላለው የበር ደወል፣ በስልክ ስለሚከፈት ቁልፍ፣ ከሩቅ ስለሚታዘዝ ማሞቂያ። እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን ቤት ገብተዋል። ልጅ በመጠበቅና አረጋውያንን በመንከባከብ የምንተዳደር ደግሞ በአሠሪዎቻችን ቤት አብረናቸው እንውላለን። ጥቅማቸው አይካድም፤ ማታ ብቻዋን የምትሆን እህት በሩን ሳትከፍት ማን እንደመጣ ማየቷ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ገንዘባችንን ከፍለን በገዛነው ዕቃ ላይ የሚያዝበት ማን ነው?

አብዛኞቹ ዕቃዎች የሚሠሩት በኩባንያው ኮምፒውተር በኩል ነው። ስልካችሁን ስትነኩ ትእዛዙ መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ቤታችሁ ይመለሳል። ኩባንያው መሥመሩን ከዘጋ ዕቃው ደህና ሆኖ ሳለ ሥራ ያቆማል። ሪቮልቭ የተባለው የቤት ዕቃዎችን የሚያገናኝ መሣሪያ 300 ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር። በ2014 ሌላ ኩባንያ ገዛው፤ በሜይ 2016 አገልግሎቱ ተዘጋ። የገዙት ሰዎች እጅ ላይ የቀረው ባዶ ሣጥን ነበር።

ሁለተኛው የገመና ጉዳይ ነው። በ2023 የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የካሜራ ኩባንያ ከሰሰ። በክሱ መሠረት፣ በ2017 አንድ ሠራተኛ ቢያንስ የ81 ሴት ደንበኞችን በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ተመልክቷል፤ ካሜራዎቹም እንደ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ያሉ ቦታዎች የተገጠሙ ነበሩ። ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው። በብዙ ቤት ዕቃውን የሚገጥመው ባል ነው፤ አካውንቱም በእሱ ስልክ ይከፈታል። ሰላም ሲኖር ልዩነቱ አይታወቅም። ጠብ ሲመጣ ግን ከቤት የወጣ ሰው በሌላ ከተማ ሆኖ ማሞቂያውን ያጠፋል፣ ማን እንደገባ ይመለከታል። በ2018 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንዲህ ያለ በደል የደረሰባቸውን ሴቶች አነጋግሮ ነበር። የበሩ የቁልፍ ቁጥር በየቀኑ ይለወጥባቸዋል፤ ሰው ሳይኖር ደወሉ ይጮኻል። ይህን የምትናገር ሴት አእምሮዋ የተነካ እንጂ የተበደለች አትመስልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከመግዛታችን በፊት «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል? የወር ክፍያ አለው?» ብለን እንጠይቅ። ካሜራ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይግባ። ባለትዳሮች አካውንቱ የሁለታችንም መሆኑን እናረጋግጥ። በሰው ቤት የምንሠራም ካሜራው የት እንዳለ፣ ድምፅ ይቀዳ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥቃት በሚፈጸምባት ቤት ያለች እህት ግን ዕቃውን በድንገት ነቅላ አትጣል፤ ሰውየውን ይብስ ሊያስቆጣው ይችላል። አስቀድማ በሌላ ሰው ስልክ ወደ ብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መሥመር 1-800-799-7233 ትደውል፤ አስተርጓሚ ይገኛል።

ተከራዮችም አቅም የለንም አንበል። በኒው ዮርክ አምስት ተከራዮች አከራዩ በስልክ የሚከፈት ቁልፍ ቢያስገባባቸው ከሰሱ፤ በ2019 በስምምነት የብረት ቁልፋቸውን አገኙ።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ነገሩን የሚያውቁ፣ ምሥጢር የሚጠብቁ አባሎቻችን በወር አንድ ቅዳሜ ይሰየሙና የእህቶችን ስልክና አካውንት አብረው ይመልከቱ። ደጋፊዎቻችንም ከቤቷ በድንገት ለምትወጣ እህት አዲስ ስልክና የመጀመሪያ ወር ክፍያውን ብትሸፍኑልን ትልቅ ዕርዳታ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቀኑን ዛሬውኑ እንቁረጥ።