ባቡር የተወው የባሕር ዳር መንገድ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ከእናንተ መካከል በልጅነቱ በሰዓት የሚከራይ ቢስክሌት ያልነዳ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። እኔም ነድቻለሁ። አንድ ቀን ከኋላዬ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ቢነፋብኝ ደንግጬ ከነቢስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባሁ። የጉልበቴ ጠባሳ እስከ ዛሬ ይታያል፤ አከራዩም ለተጣመመው ጎማ ያስከፈለኝን ገንዘብ አልረሳሁትም። ከዚያን ቀን ወዲህ የቢስክሌት ሙሉ ደስታ የሚገኘው መኪና በማይደርስበት መንገድ ላይ ብቻ ነው የሚል እምነት አደረብኝ። ዛሬም የማወራላችሁ እንዲህ ስላለ አንድ መንገድ ነው። የሚገኘው በኢጣልያ አገር፣ በአብሩትሶ ክፍለ ሀገር፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ ሲሆን፣ ከኦርቶና ከተማ ተነሥቶ እስከ ቫስቶ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መንገዱ በመጀመሪያ ለቢስክሌት የተሠራ አይደለም። ከ1860 ዓመታት ጀምሮ የአድርያቲክ የባቡር ሐዲድ በዚህ ዳርቻ ያልፍ ነበር። መሐንዲሶቹ ሐዲዱን የዘረጉት ከባሕሩ እጅግ አስጠግተው ስለ ነበር፣ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ውሃው ይደርስበት፣ ከበላይ ያለውም ኰረብታ እየተናደ ያሠጋው ነበር። በመጨረሻም ሁለት ሐዲድ ያለው አዲስ መስመር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ኰረብታውን እየበሳ እንዲያልፍ ተደረገና በ2005 አሮጌው መስመር ተተወ። ሐዲዱ ተነቅሎ ሲወሰድ በባሕሩና በኰረብታው መካከል አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባዶ መሬት ቀረ።

ይህን መሬት ማን ይውሰደው? የባሕር ዳር መሬት በየትም አገር ምን ያህል የሚያስጐመዥ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አንዱ ቪላ ይሠራበታል፣ ሌላው የመኪና ማቆሚያ ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ አጥሮ ይይዘዋል። በ2001 የወጣ ሕግ ዳርቻው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ቢያዝዝም የፓርኩ ወሰን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖረ። የባቡሩ መንገድ ግን በየቁራጩ ተሸጦ ሳይበታተን ቀረና፣ ከብዙ መዘግየት በኋላ ደረጃ በደረጃ ለእግረኛና ለቢስክሌት ተሠራ። አሮጌ የባቡር መንገድ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰውን የቀድሞውን ምድር ባቡራችንን ማሰብ ይበቃል።

የባቡር መንገድ ለቢስክሌት የሚመችበት ምክንያት ቀላል ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መሐንዲሱ ጉብታውን ቈርጦ፣ ሸለቆውን በድልድይ አሻግሮ፣ ተራራውን በዋሻ በስቶ መንገዱን ያስተካክለዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ጋር የሚውል፣ እንደ እኔ ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው እንኳ ያለ ጭንቀት ሊሄድበት ይችላል። ታላላቆቹ ጋላቢዎችም አልናቁትም። በ2023 ጂሮ ዲታሊያ የተባለው የቢስክሌት ውድድር የተጀመረው ከዚሁ ዳርቻ ነበር። ቤልጅጋዊው ሬምኮ ኤቬንፑል ከፎሳቼሲያ ባሕር ዳር እስከ ኦርቶና ያለውን 19.6 ኪሎ ሜትር በ21 ደቂቃ ያህል ጨርሶ አሸነፈ። እንደ መንገደኛ ለሚሄድ ሰው ግን ይህ እንደ ጥፋት የሚቈጠር ነው፤ በዚያ ፍጥነት ምን ሊታይ ይችላል?

የሚታየው ብዙ ነውና። ኦርቶና በ1258 ከኪዮስ ደሴት መጣ የሚባለው የሐዋርያው ቶማስ አፅም የሚገኝባት ከተማ ናት። በታኅሣሥ ወር 1943 የካናዳ ወታደሮችና የጀርመን ጃንጥላ ወራጆች በዚህች ከተማ ከቤት ወደ ቤት ግድግዳ እየበሱ ስምንት ቀን ያህል ተዋጉ፤ ካቴድራሉም በዚያው ጊዜ በፈንጂ ፈርሶ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠራ። ከኦርቶና ወደ ደቡብ ጥቂት ሲሄዱ በሞሮ ወንዝ አጠገብ ከ1,600 በላይ መቃብሮች ተሰልፈው ይገኛሉ፤ የሚበዙት የካናዳውያን ናቸው። ወደ ፊት ደግሞ ከሳንግሮ ወንዝ ማዶ ሌላ የጦር መቃብር አለ፤ በዚያም ሕንዶች ጭምር ከ2,500 በላይ ወታደሮች ይታሰባሉ። ቢስክሌቱን አስደግፎ የመቃብሮቹን ጽሕፈት የሚያነብ ሰው የሟቾቹ ዕድሜ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት መሆኑን ያያል።

ከሳን ቪቶ አካባቢ ጀምሮ ለዳርቻው ስም የሰጡት ትራቦኮዎች በብዛት ይታያሉ። ትራቦኮ ማለት ጀልባ ሳያስፈልግ ዓሣ የሚጠመድበት ከእንጨት የተሠራ ማማ ነው። ምሰሶዎቹ ከባሕሩ ድንጋይ ላይ ይተከላሉ፤ በላያቸው ጣውላ ይረበረብና ከየብስ ጋር በጠባብ መተላለፊያ ይገናኛል። ወደ ባሕሩ ከተዘረጉት ረጃጅም አግዳሚ እንጨቶች ላይ ሰፊ መረብ ይንጠለጠላል። ዓሣው በዳርቻው በኩል ሲያልፍ ሰዎች መዘውሩን እየገፉ መረቡን ያወርዱታል፤ ጥቂት ቈይተውም ያወጡታል። ሥራው ቢያንስ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ባሕሩን የሚፈራና መሬቱ የማይበቃው ገበሬ የፈለሰፈው ብልኃት ይመስላል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ባለቅኔው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ በ1889 በጋ በሳን ቪቶ ተቀምጦ ነበርና በ1894 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ስለ አንዱ ትራቦኮ ጽፏል። ይህ ሰው በእርጅናው ዘመን በአገራችን ላይ የተደረገውን ወረራ በብዕሩ ያሞገሰ ስለ ሆነ ስሙን በፍቅር የምናነሣው አይደለም፤ ስለ ዓሣ ማጥመጃው የጻፈው ግን ጥሩ ነው። ያ ትራቦኮ ራሱ በ2014 በማዕበል ተደርምሶ ነበር፤ በኋላም እንደገና ተሠራ። ዛሬ ከትራቦኮዎቹ ብዙዎቹ ምግብ ቤት ሆነዋል። ዓሣ ማጥመድ ብቻውን ቤተሰብ አላኖር ስላለ በዚህ አልፈርድም፤ ሆኖም እንግዳ ተቀምጦ ሲበላ መዘውሩ ቆሞ ማየት አንድ ነገር እንደ ጐደለ ያሳስባል።

ከፎሳቼሲያ በላይ፣ ኰረብታው ጫፍ ላይ፣ ሳን ጆቫኒ ኢን ቬኔሬ የተባለ ጥንታዊ ገዳም ቆሟል። ስሙ ዮሐንስን ከቬኑስ ጋር ያጣመረው ገዳሙ በጥንት የቬኑስ ቤተ ጣዖት ላይ ተሠራ ስለሚባል ነው። ወደዚያ ለመውጣት ባቡር የማያውቀውን ዳገት መጋፈጥ ግድ ነው። እኔ ብሆን ቢስክሌቱን እየገፋሁ እወጣ ነበር፤ ይህ ነውር አይደለም።

ከቫስቶ በፊት ፑንታ ፔና ላይ ለመርከቦች የሚያበራው 70 ሜትር የሚረዝም ማማ ይታያል፤ በኢጣልያ ከጄኖቫው ቀጥሎ ሁለተኛ መሆኑ ነው። በጦርነቱ ፈርሶ በ1948 እንደገና ተሠራ። በአጠገቡም ከ1998 ጀምሮ የተጠበቀው የፑንታ አዴርቺ ዳርቻ ይገኛል። ቫስቶ ራሷ ከፍ ባለ ገደል ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች። በ1956 የገደሉ አንድ ክፍል ከነቤቶቹ ተንዶ ወደ ታች ወርዷል። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ምክንያት ጠፍቶ የቀረው ደጁ ብቻ ነው። ደጁ ባዶ ቆሞ በመካከሉ ሰማይና ባሕር ይታያል።

ለመሄድ የሚያስብ ቢኖር የሐምሌና የነሐሴ ወራት ሙቀቱም ሕዝቡም ስለሚበዙ በሚያዝያና በግንቦት ወይም በመስከረም መሄድ ይሻላል። ዋሻዎች ስላሉ መብራት፣ ጥላ የሌለበትም ቦታ ስላለ ውሃ መያዝ ይገባል። መንገዱ በአብዛኛው ከመኪና የተለየ ቢሆንም በአንዳንድ ስፍራ ከተራ መንገድ ጋር ስለሚገናኝ እዚያ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቢስክሌቱ ቢበላሽ ለጠጋኙ ጎማና ፍሬን ብሎ ማሳየት ይበቃል፤ ሁለቱንም ቃላት እኛ የወሰድናቸው ከእነርሱ ነውና ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ።

ቫስቶ የደረሰ መንገደኛ ወደ ኦርቶና በባቡር ሊመለስ ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሄደበትን መንገድ ባቡሩ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ አብዛኛውን በዋሻ ጨለማ ውስጥ ስለሚያልፍ ግን ከመስኮቱ የሚታየው የራስ ፊት ነው።