ዕጣና ጥፋት
(በተመራቂዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ስንመረቅ የተመደብነው ዕጣ አውጥተን ነው። አንዱ ስፔሻሊስትና ደም ባንክ ያለበት ሆስፒታል ደረሰው፤ ሌላው አምቡላንስ እንኳ እንደ ልብ የማይገኝበት። ዛሬ «እሱ ጎበዝ ወጣው፣ እሷ ግን...» ስንባባል ያቺን ብጣሽ ወረቀት ረስተናታል።

እኔ የደረሰኝ ደብረ ሲና አካባቢ ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ፦ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። እስቲ ሁለት ሾፌሮች አስቡ። ሁለቱም ፍሬናቸውን አላስፈተሹም፤ ሁለቱም በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባቸው ፍሬን እየረገጡ በጉም ውስጥ ይወርዳሉ። የሁለቱም ፍሬን ግሎ እምቢ አለ። ለአንዱ መንገዱ ባዶ ነበር፤ «እግዜር አወጣኝ» ብሎ ሸዋ ሮቢት ምሳውን በላ። በሌላው ፊት ሚኒባስ መጣ። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ስማቸው ግን አንድ አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ስለ ቸልተኝነት ግድያ ሲደነግግ ሐኪምንና ሾፌርን አንድ ላይ ይጠራል። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው፤ የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ሚኒባሱ ውስጥ ስንት ሰው እንደተሳፈረ ሾፌሩ አልመረጠም። በ1976 እ.ኤ.አ. በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የተከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ነው።

ታዲያ ውጤቱን እንርሳው? አይደለም። ልጇ የሞተባት እናት ፊት «ዕድል ነው» አይባልም። ጥፋት የሌለበት ሾፌር እንኳ ሽማግሌ ይልካል፤ ደግ ያደርጋል።

ወደ ቤታችን ልመለስ። በቆላው የወባ ወቅት ሁለት ሐኪሞች ትኩሳት ያለበትን ልጅ ደም ሳያስመረምሩ ወደ ቤት ይልካሉ። አንዱ ልጅ ዳነ፤ ካርዱን ማንም አልከፈተውም። ሌላው ራሱን ስቶ ተመለሰ፤ ሞተ። በስብሰባው «ለምን አላስመረመርክም?» ተባለ። ጥያቄው ትክክል ነው። ያንኛውን ሐኪም ግን ማን ጠየቀው?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የሞተውን ካርድ ስንመረምር በደህና ካለፉትም ጥቂቶቹን እናውጣ፤ ያዳነው ሙያችን ይሁን ዕድላችን ያን ጊዜ ይታያል። ባልደረባችን ላይ ከመፍረዳችን በፊት ደግሞ በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር፣ በእጁ ምን እንደነበረ፣ ስንት ሕመምተኛ ይጠብቀው እንደነበር እንጠይቅ። ለተማሪዎቻችንም ከወዲሁ ብናስተምራቸው ጥሩ ነው።