ሆድና ዘር
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማነሣው የሆድ ነገር ነው። ዘንድሮ ለአንድ አባላችን ልጅ ሽማግሌ ተልኮ ካለቀ በኋላ፣ «የአባትየው የሆድ በሽታ የዘር ነው» ተብሎ ጋብቻው ቀረ። ይህን የምናገረው በራሳቸው ፈቃድ ነው።

በወተት ልጀምር። ሕፃን በአንጀቱ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ቅመም አለው። ብዙው ሰው ሲያድግ ይኸ ቅመም ይቀንስበታል፤ ለአንዳንዱ ግን ከወላጆቹ በወረሰው ጂን ምክንያት ዕድሜ ልኩን ይዘልቃል። በ2005 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ይህን የሚያደርገው የጂን ለውጥ አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል። ቅመሙ የቀነሰበት ሰው ወተት ሲጠጣ ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይቀለቡበታል። ሆድ የሚነፋውና የሚጮኸው ከዚህ ነው። ቢፊዶ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በእንዲህ ያለ ሰው አንጀት በዝተው እንደሚገኙ በውጭ አገር በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ታይቷል። ዘር ባክቴሪያን ይመርጣል ማለት ይኸው ነው። እርጎ የሚሻለው፣ ከስኳሩ ከፊሉን ባክቴሪያዎቹ ገና በቅሉ ውስጥ ሳለ ስለሚበሉት ነው። ሐዘንተኛን «ወተት ካልጠጣህ» እያልን የምናስጨንቅ ብናስብበት ደግ ነው።

ወደ ከባዱ ልለፍ። አንጀትን የሚያቆስል ክሮንስ የሚባል በሽታ አለ። ኖድ ሁለት የተባለው ጂን ከዚህ በሽታ ጋር መያያዙ የታወቀው በ1993 ዓ.ም. ነው። ሥራው ባክቴሪያ ሲመጣ ለሰውነት ዘበኞች መንገር ነው። ይኸ ጂን የተዛባበት ሰው የመታመም ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ሆኖም አብዛኛው ሳይታመም ይኖራል።

በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የተጓዙትን ቤተ እስራኤሎች ተመልከቱ። ሲሄዱ ይህ በሽታ እምብዛም አይታወቅባቸውም ነበር። እዚያ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ግን የያዛቸው ተገኙ። ዘራቸው እንደሁ በአውሮፕላን ላይ አልተለወጠ! ሐኪሞች የሚጠረጥሩት ምግቡንና የኑሮውን ለውጥ ነው።

አባላችን ግን ገና አልተመረመሩም። በአገራችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከአሜባና ከሌላ ተላላፊ ነገር ይመጣል፤ የአንጀት ቲቢም ክሮንስን ይመስላል። እነዚህ ሁሉ መድኃኒት አላቸው። ሰገራ እንኳ ሳይታይ «ዘር ነው» ያለው ማን ነው?

አባላችን አሁን ለመመርመር ፈቅደዋል። የመጓጓዣው ወጪ ከእድሩ ገንዘብ እንዲሰጣቸው አመለክታለሁ። ደንቡ ለቀብር እንጂ ለሕመም አይፈቅድም የሚል ካለ፣ ዛሬውኑ ድምፅ ይሰጥበት።