ከተምጫ ድልድይ እስከ ደብረ ገነት፦ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግንባታ ጥበብ ልውውጥና የእኛ ድርሻ



ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኪነ ሕንፃ ሲነገር የተለመደ አንድ ትረካ አለ፦ ጥበቡ ከአውሮፓ ተነሣ፣ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ፣ ተቀባዩም እንዳለ ተቀበለው የሚል። ዛሬ ልሞግተው የምሻው ይህን ትረካ ነው። የአንድን ሕንፃ ምንነት ለማወቅ «ማን ነደፈው?» ማለት ብቻውን አይበቃም። «ማን አዘዘው? ለምን ጉዳይ? በማን እጅ ተሠራ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ኢስታንቡልን እንመልከት። ሱልጣን አብዱልመጂድ አያ ሶፊያን ከ1847 እስከ 1849 ያሳደሱት ከስዊዘርላንድ በመጡት በፎሳቲ ወንድማማቾች ነው። በ1856 የተጠናቀቀውን የዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት የሠሩት ግን የባልያን ቤተሰብ አባላት፣ የኦቶማን ተገዥ የነበሩ አርመኖች ናቸው። ፊቱን ያየ ሰው የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን ሰላምሊክና ሐረም ተብሎ በኦቶማን ቤተ መንግሥት ሥርዓት የተከፈለ ነው። ጌጡ ከውጭ ቢመጣም፣ ክፍሎቹን ያደላደለው የባለቤቱ የአኗኗር ሥርዓት ነው።

ይኸው ጥያቄ ወደ አገራችን ሲመጣ ምን ያሳየናል? እኔ የጅጋ ልጅ ነኝ። ከጅጋ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ደምበጫ አካባቢ ተምጫን ይሻገራል። በዚህ ወንዝ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1884 እና በ1885 ድልድይ አሠርተዋል። መሐንዲሱ ጣሊያናዊው ኮንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒ ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት የእኒህን ሰው ስም ነው።

እስቲ የአዛዡን ጉዳይ እንመርምር። ራስ አዳል በ1881 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። በ1882 ግን በእምባቦ ጦርነት በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ድል ሆኑ። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በባሶ ገበያ በኩል ያልፍ ነበር። ክረምት በገባ ጊዜ ወንዞች ሲሞሉ ነጋዴውም፣ ግብሩም፣ ጦሩም ይቆማል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ንጉሥ ድልድይ ማለት የመንግሥት አቅም ማለት ነው። መሐንዲሱን ወደ ሥራው ያስገባው የንጉሡ ፍላጎት ነው።

ጥበቡስ ለጎጃም አዲስ ነበርን? አልነበረም። በጢስ ዓባይ የሚገኘው የአላታ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ነው። የድንጋይ ቅስት እስኪዘጋ ድረስ በራሱ አይቆምም። ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ ይተከላል፤ የተጠረበው ድንጋይ ከሁለቱም ወገን ወደ መካከል ይደረደራል፤ የመጨረሻው ድንጋይ ሲገባ ክብደቱ ራሱ ያያይዘዋል፤ ያን ጊዜ ድጋፉ ይነሣል። ለእንዲህ ያለው ሥራ እንጨት ቆራጭ፣ ድንጋይ ፈላጭና ተሸካሚ በብዛት ያሻል። የእነዚህ ሰዎች ስም ግን እንደ መሐንዲሱ ስም በየመጽሐፉ አይገኝም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የጉዞውን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። ኢየሩሳሌም በዚያ ዘመን በኦቶማን አገዛዝ ሥር ነበረች። በ1867 የወጣው የኦቶማን ሕግ የውጭ አገር ዜጎች መሬት እንዲገዙ ፈቀደ፤ ከቅጥሩ ውጭም የአውሮፓ መንግሥታት ሆስፒታል፣ የእንግዳ ማረፊያና ቤተ ክርስቲያን በብዛት አሠሩ። የእኛ መነኮሳት ደግሞ በዴር ሱልጣን ይዞታ ከኮፕቶች ጋር ብርቱ ክርክር ላይ ነበሩ። በዚህ መካከል በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ሥራ ተጀመረ፤ በ1893፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ።

ደብረ ገነትን ከውጭ ለሚያይ፣ የተጠረበው የኢየሩሳሌም ድንጋይና ትልቁ ጉልላት የዘመኑን የከተማዋን ግንባታ ያስታውሳሉ። ከውስጥ ግን ሕንፃው ክብ ነው፤ መቅደሱ መካከል ላይ ቆሟል፤ ምእመናኑ ዙሪያውን ይቆማሉ። ይህ የጅጋ ገበሬ በየሰንበቱ የሚያውቀው የቅኔ ማኅሌት፣ የቅድስትና የመቅደስ ሥርዓት ነው። በጎጃም ገጠር በእንጨትና በጭቃ ቆሞ ሣር ወይም ቆርቆሮ የሚለብሰው ሐሳብ፣ በኢየሩሳሌም በድንጋይና በጉልላት ተገለጠ። በዚህኛው ልውውጥ ቁሳቁስ የሰጠችው ኢየሩሳሌም ስትሆን፣ ቅርጹን የሰጠነው እኛ ነን።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅማል? የጥበቃ ጉዳይ ስለሆነ ነው። «የፈረንጅ ሥራ ነው» ብለን የመዘገብነው ሕንፃ በልባችን ባለቤት ያጣል፤ ባለቤት ያጣ ሕንፃ ደግሞ ድንጋዩ እየተነቀለ ለአጥር ሲወሰድ ጠያቂ የለውም። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ደምበጫ፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የምትወጡ ተማሪዎች ሆይ፣ የመሐንዲሱን ስም መዝግባችሁ አትመለሱ። ድንጋዩ ከየት ተፈለጠ? ኖራው የት ተቃጠለ? የሠራተኛው ስንቅ ከማን ጎተራ ወጣ? ብላችሁ አረጋውያንንና የደብር አለቆችን ጠይቁ። የዚያ ትውልድ የልጅ ልጆች በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ፣ የግንባታው ግማሽ ታሪክ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል።