ሰጋቱራችን የት ገባ?

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ ሒሳብ የያዝነው ሰዎች ዛሬ ይዘን የቀረብነው የገቢና የወጪ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ይቅርታም ጭምር ነው።

እንደምታውቁት ጨርቅ በካሬ እየቆረጥንና እየገጣጠምን የአልጋ ልብስ እንሠራለን። ለሸዋ ሮቢት ሙቀት ባያስፈልግም ጣርማ በርን ወጥቶ ላለው ብርድ ይፈለጋል። የአንዱ መጠን 1.50 በ2 ሜትር ነው። የምንገዛው ጨርቅ ወርዱ 1.50 ሜትር ስለሆነ፣ ገበሩን ሳይጨምር ለአንዱ 2 ሜትር ይበቃል ብለን መዘገብን፤ ዋጋውንም በዚያው ተመንን። አሥር ሠርተን ስንጨርስ ግን 20 ሳይሆን 30 ሜትር አለቀ። አፍ አውጥተን ባንናገርም ዓይናችን መቀስ የያዘችው እህታችን ላይ ዐረፈ። እሷም ገባት። አንዱን አመጣችና «ተርትሩትና ለኩት» አለችን።

ተረተርነው። እያንዳንዱ ካሬ ሲቆረጥ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ተሰፍቶ የሚታየው 10 ብቻ ነው። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ስፌት ገብቷል። አንድ የአልጋ ልብስ 300 ካሬ ይፈልጋል። በጨርቁ ወርድ 12 ካሬ ይወጣል፤ 300 ለመሙላት 25 ረድፍ እንቆርጣለን። 25 ጊዜ 12 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ሜትር! ጎደለ ያልነው ጨርቅ በየስፌቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው።

አናጢ ይህን ያውቃል። 2 ሜትር ጣውላ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ልቁረጥ ቢል 19 ጊዜ ይጋዛል። መጋዙ በአንድ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ እንጨት ሰጋቱራ ይሆናል። እሱ ሰጋቱራውን እግሩ ሥር ያየዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ያስበዋል። መቀስ ግን ምንም አይበላም። የእኛ ሰጋቱራ ስፌቱ ነው፤ አይታይም እንጂ ከመጋዙ ይበልጣል።

ካሬው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ኪሳራው ይብሳል። 22 ሳንቲ ሜትር ካሬ ስንቆርጥ ከመቶ 17 ያህሉ ስፌት ውስጥ ይገባል። በ12 ወደ 31 ይደርሳል። በ7 ሲሆን ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያሰፉ ሸማኔ የሠራውን ሳይቆርጡ ዳርና ዳሩን ማያያዛቸው ለካ ዕውቀት ነው።

ይህ ማለት ስፌቱን እናጥብብ ማለት አይደለም። ስፌቱ በጣም ከጠበበ ሲታጠብ ሊተረተር ይችላል። የገባው ጨርቅ የሥራው ጥንካሬ ነው፤ ዋጋው ግን መከፈል አለበት።

ስለዚህ ከእንግዲህ ጨርቅ ወጪ የሚደረገው በተቆረጠው ልክ እንጂ በሚታየው ልክ አይሆንም። ትልልቁን ካሬ ከአዲስ ጨርቅ፣ ትንንሹን ከልብስ ሰፊ ቤት ከሚገኝ ቁርጥራጭ እንሥራ። ከዳር የሚተርፈው 6 ሳንቲ ሜትር ቅዳጅም ለጠርዝ ስለሚሆን ይመዝገብ። አቡጀዲ ሲታጠብ ስለሚገባ፣ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። ዋጋውም በ3 ሜትር ሒሳብ ይስተካከል።

አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለው ለመቀስ ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ለብዕርም ነው፣ ለዓይንም ነው። እህታችን፣ ሳንለካ ስላየንሽ በሁሉም ፊት ይቅርታ እንጠይቅሻለን።