በስማችን ቁልፍ የያዝን ስንት ነን?

የደራ ልጆች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ሀገራችንን እንወዳለን ብለን ነው እዚህ የተሰበሰብነው። ታዲያ በዚህች ሀገር በስማችን የቤት ቁልፍ የያዝን ስንት ነን? እጅ አታውጡ፣ አውቃለሁ።

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ስትመዘገብ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። 20/80 መረጠች፤ 20ውን አንቺ ትቆጥቢያለሽ፣ 80ውን ባንክ ያበድርሻል ተባለች። ቆጠበች። ለበዓል ደራ ስትመጣ እንኳ በጉ ቀርቶ ዶሮ ነበር የምንገዛው፣ የወሩ ቁጠባ እንዳይዘለል ብለን። ሐምሌ 1 ቀን 2014 የ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጣ ሲባል ስልክ ላይ ተደፍተን ዋልን። በቀናት ውስጥ ተሰረዘ! ለካ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያልቆጠበ ሰው ስም ገብቷል። ህዳር 2015 እንደገና ወጣ፤ የሷ ስም የለም። እስካሁን ተከራይ ናት።

እኛስ? የአዲስ አበባ ነዋሪ ስላልሆንን ያ ዕጣ አይመለከተንም። እዚህ ያለው መንገድ በማህበር ተደራጅቶ ቦታ መጠየቅ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ብሩን በዝግ ሒሳብ አስገቡ ይላል። ዲግሪ ይዤ ሥራ የሌለኝ እኔ ከየት ላምጣ? ድጋፍ የሚሉት ነገር የተሠራው ደሞዝ ላለው ሰው ነው።

ስለዚህ አንድ ላይ እንጠይቅ፦ ሥራ የሌለው ወጣት ግንባታው ላይ በጉልበቱ ይሥራ፣ ክፍያው እንደ ቁጠባ ይያዝለት። የተመዝጋቢዎች ዝርዝርም በአደባባይ ይለጠፍ። ድንጋይ የሚያነሳ ከኛ ጋር የለም። ማመልከቻው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ፈርማችሁ ውጡ።